ሁለት ወረቀት የያዘ ልጅ፦ የአንድ ጭላንጭል ተማሪ የትምህርት ቤት ቅበላ በድሬዳዋ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ማየት የተሳናቸውን ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የመቀበል ሥራ የሚጀምረው ከሆስፒታል ዓይን ክፍል በሚመጣ አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ወረቀት ላይ ያበቃል። ከዚህ በታች የቀረበው ጉዳይ የተመዘገበው፣ ወረቀቱ ትክክል ሆኖ ሳለ በእሱ ላይ የተመሠረተው ውሳኔ ጭላንጭል የሆነን፣ ማለትም ጥቂት እይታ የቀረውን ልጅ እንዴት ሜዳ ላይ ሊያስቀር እንደሚችል ስለሚያሳይ ነው። ልጁ፣ ቤተሰቡ፣ ሐኪሞቹና ትምህርት ቤቶቹ በስም አልተጠቀሱም። ጽሑፉን ያዘጋጀሁት ልጁ በመጨረሻ በገባበት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ በድጋፍ መስጫ ማዕከሉ የምሠራ የልዩ ፍላጎት መምህር ሆኜ ነው።

የልጁ ሁኔታ

ልጁ ወደ እኛ ሲመጣ ዕድሜው ዐሥር ዓመት ነበር። እናቱ ለሥራ ወደ ጅቡቲ ከሄደች ወዲህ ያሳደጉት፣ በቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቃሪያ እየቸረቸሩ የሚተዳደሩት አያቱ ናቸው። የቤቱ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን፣ ልጁ እንደ ብዙ የድሬዳዋ ልጆች ከጎረቤት ኦሮምኛ፣ ከሠፈር ጓደኞቹም ጥቂት ሶማልኛ ለቅሟል።

ሲወለድ በሁለቱም ዓይኖቹ ላይ ሞራ ነበረበት። ብርሃን የሚከለክል ሞራ ይዞ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ የሕይወቱ ወራት ቀዶ ሕክምና ማግኘት አለበት፤ ማየትን የሚለማመደው አእምሮ ስለሆነ፣ ያ የልምምድ ጊዜ በከንቱ ካለፈ በኋላ ዓይኑ ቢጠራም እይታው ደካማ ሆኖ ይቀራል። ይህ ልጅ ቀዶ ሕክምናውን ያገኘው አዲስ አበባ ተወስዶ በአራት ዓመቱ ነው። ሞራ የለበሰው ሌንስ ሲወጣ ሰው ሠራሽ ሌንስ ስላልተተካለት ወፍራም መነጽር ታዘዘለት። መነጽሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተሰበረ፤ አልተተካም። መነጽሩ ከዓይኑ የወጣውን ሌንስ ሥራ እንደሚሠራ ለአያቱ በሚገባቸው መንገድ ያስረዳቸው ሰው ስላልነበረ፣ ሕክምናው እንዳልሠራ ቆጥረው ተዉት።

ልጁ ፈጽሞ ያልተማረም አልነበረም። አያቱ የኔታ ዘንድ አስገብተውት ፊደሉን በዜማ፣ በጆሮው ብቻ ተምሯል። ከሀ እስከ ፐ ከነሰባት ቤቱ ሳይሳሳት ይወርደዋል፤ ገበታው ላይ ግን አንዱን ከሌላው አይለይም። ይህ ዕውቀት በኋላ ማናችንም ባልጠበቅነው ቦታ ጠቅሞታል።

ቅበላ እንደ ልማዱ

አንድን ማየት የተሳነው ልጅ ለማስመዝገብ የሚጠየቀው ሰነድ ብዙ ውስብስብነት የለውም። የልደት ምስክር ወረቀት ወይም ስለ ልጁ የተጻፈ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የአሳዳጊው መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶግራፍና የዓይን ሕክምና ማስረጃ ይቀርባል። በአዳሪ ትምህርት ቤቶች በዚህ ላይ የአጠቃላይ ጤና ምርመራ ውጤትና ልጁን በዕረፍት ጊዜ ተቀብሎ የሚወስድ ተጠሪ ይታከልበታል። የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤቶች የሚገኙት እንደ ሰበታ፣ ባኮና ሻሸመኔ ባሉ ከድሬዳዋ እጅግ በራቁ ከተሞች ነው፤ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ብቻ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ለአንድ የድሬዳዋ ቤተሰብ «አዳሪ ይግባ» ማለት ልጁን እስከ ክረምት አለማየት ማለት ነው።

ከሰነዶቹ ሁሉ ውሳኔ የሚሰጥበት የሕክምናው ማስረጃ ሲሆን፣ በውስጡም የሚታየው አንድ የቁጥር ጥንድ ነው። 6/60 ማለት ሙሉ እይታ ያለው ሰው ከ60 ሜትር የሚለየውን ፊደል ተመርማሪው ለመለየት 6 ሜትር ድረስ መቅረብ አለበት ማለት ነው። በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ የተሻለው ዓይን ከ3/60 በታች ሲሆን ዓይነ ስውርነት ይባላል፤ ከ6/60 በታች ሆኖ እስከ 3/60 ያለው ከባድ የእይታ ጉዳት፣ ከ6/18 በታች ሆኖ እስከ 6/60 ያለው ደግሞ መካከለኛ የእይታ ጉዳት ነው። ቁጥሩ ለሐኪም ጥሩ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ የሚለካው ልጁ በመልካም ብርሃን፣ ጥቁር ፊደል በነጭ ሰሌዳ ላይ፣ ቆሞ ለአፍታ ሲመለከት ያለውን እይታ ብቻ ነው። ከደብተሩ ስንት መስመር እንደሚያነብ፣ የቀትር ፀሐይ ምን እንደሚያደርገው፣ ሲመሽ መንገድ ያገኝ እንደሆነ አይናገርም፤ እንዲናገርም አልተሠራም።

ችግሩ

የመጀመሪያው ማስረጃ የተጻፈው ልጁ ያለ መነጽር ተመርምሮ ነው። ቀኝ ዓይኑ ብርሃን ብቻ እንደሚለይ፣ ግራው 1/60 እንደሆነ ይገልጽና «ዓይነ ስውር» ብሎ ይደመድማል። የሠፈሩ ትምህርት ቤት ይህን አይቶ ብሬይል (በጣት እየተዳሰሰ የሚነበብ የነጥብ ጽሕፈት) የሚያውቅ መምህር እንደሌለው በመግለጽ አያቱን ወደ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት መራቸው። አያቱም ገንዘብ ተበድረው ልጁን ወደ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ወሰዱት።

በአዳሪ ትምህርት ቤቱ የተቀበሉት ሠራተኞች ልጁ ያለ መሪ ሲራመድ፣ የልብስ ቀለም ሲለይና መሬት ላይ የወደቀ ሳንቲም ጎንበስ ብሎ ሲያነሣ ተመለከቱ። ወደ ሐኪም ላኩት፤ በሙከራ ሌንስ ሲመረመር ግራ ዓይኑ 4/60 ሆነ። ሁለተኛው ማስረጃ «ከባድ የእይታ ጉዳት፤ መነጽር ይታዘዝለት» ይላል። ትምህርት ቤቱ ያሉት አልጋዎች ጥቂት ስለነበሩ ፈጽሞ ለማያዩ ልጆች ቅድሚያ በመስጠት ልጁን መለሰው። አያቱ ሁለተኛውን ወረቀት ይዘው ወደ ሠፈሩ ትምህርት ቤት ሲመለሱ ግን ልጁ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ስላልቻለ ቀድሞ የተሰጣቸው መልስ ተደገመላቸው። የትምህርት ዘመኑም በዚሁ አለቀ።

እዚህ ላይ በግልጽ መነገር ያለበት፣ ከሁለቱ ማስረጃዎች አንዱም ሐሰት አለመሆኑ ነው። አንዱ ልጁን ያለ መነጽር፣ ሌላው በመነጽር ለክቶታል። ልዩነታቸው በሁለቱም ወረቀት ላይ ሊሰፍር የሚገባው አንድ ሐረግ፣ ማለትም «በመነጽር» ወይም «ያለ መነጽር» የሚለው ነበር። ሁለቱ ትምህርት ቤቶችም ለየብቻ ሲታዩ ምክንያታቸው የሚያሳምን ነው። ችግሩ ሁለቱም «ይህ ልጅ የእኛ ነው ወይስ አይደለም?» ብለው መጠየቃቸውና ልጁ ከሁለቱ መልሶች መካከል መውደቁ ነው። በእኔ ግምት ከጭላንጭል ልጆች ትምህርት ቤት ሳይገቡ የሚቀሩት ብዙዎቹ በዚህ ክፍተት የሚወድቁ ናቸው፤ ፈጽሞ የማያይ ልጅ ቢያንስ ወዴት እንደሚላክ አያከራክርም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ልጁ ወደ እኛ ሲመጣ የትምህርት ቤታችን የቅበላ ኮሚቴ ርእሰ መምህሩን፣ ሁለት የልዩ ፍላጎት መምህራንን፣ አንድ የመደበኛ ክፍል መምህርትንና የልጁን አያት የያዘ ነበር። የመጀመሪያ ውሳኔው ከልማዱ ወጣ ያለ ነው፤ ልጁ ተመዝኖ እንዲገባ ሳይሆን ገብቶ እንዲመዘን ተወሰነ። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ማንም ሰው በአካል ጉዳት ምክንያት ከአጠቃላይ የትምህርት ሥርዓት ውጭ እንዳይደረግ ስለሚደነግግ፣ ኮሚቴው ሊመክርበት የሚችለው ልጁ እንዴት ይማር በሚለው ላይ ብቻ እንደሆነ ርእሰ መምህሩ ገና በመግቢያው አስገነዘቡ። ልጁም በጊዜያዊነት ተመዝግቦ በማግሥቱ ክፍል ገባ።

ቀጥሎ የተሠራው መነጽሩን ማስተካከል ነበር። ሌንስ የሌለው ዓይን ከሩቅ ወደ ቅርብ ሲያይ ራሱን ማስተካከል ስለማይችል፣ ለሩቁና ለቅርቡ የተለያየ ጉልበት ያለው መነጽር ያስፈልገዋል። ሐኪሙ ሁለቱን በአንድ የያዘ ሌንስ አዘዙ። ወጪውን የሸፈነው የአያቱ ዕድር በሰጠው ብድር ነው፤ ዕድር ለሐዘን እንጂ ለመነጽር ገንዘብ አያወጣም የሚል ክርክር ተነሥቶ እንደነበር አያቱ ነግረውናል፤ በመጨረሻ የተፈቀደላቸው ለበርካታ ዓመታት ወርኃዊ መዋጮ አቋርጠው ስለማያውቁ ነው። መነጽሩ እንዳይወድቅ ከኋላ በላስቲክ ታሰረ።

ከዚያ በኋላ ልጁ ያለውን እይታ እንዴት እንደሚጠቀምበት መመዘን ተጀመረ። ይህ ምዘና በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም፤ ክፍል ውስጥ፣ በቀትር ሜዳ ላይ፣ በጨለማ ኮሪደርና ከትምህርት ቤት ውጭ መንገድ ላይ ተከታትሎ ማየትን ይጠይቃል። ልጁ ሰው መኖሩን ከጥቂት ሜትሮች ርቀት ያውቃል፤ ማንነቱን የሚለየው ግን በድምፁ ነው። በእርሳስ የተጻፈ አይታየውም፤ በወፍራም ጥቁር ማርከር የተጻፈ ይታየዋል። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለውን ፊደል ወረቀቱን ወደ ፊቱ እጅግ አስጠግቶ ይለያል፤ ዐሥር ደቂቃ ገደማ ሲሆነው ግን መስመሩ ይጠፋበታል፣ ዓይኑም ያለቅሳል። ከድሬዳዋ ፀሐይ ወደ ቤት ሲገባ ለተወሰነ ጊዜ ምንም ስለማይታየው በር ላይ ይቆማል፤ ከእሱ በፊት የነበሩት ሰዎች ይህን ፍርሃት ነው ብለው ተርጉመውት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረታችንን የሳበው የአንገቱ ነገር ነው። የልጁ ዓይኖች ያለማቋረጥ ይርገበገባሉ፤ ፊቱን ወደ ቀኝ ዞር ሲያደርግ ግን መርገብገቡ ስለሚቀንስ አጥርቶ የሚያየው በዚያ አቀማመጥ ነው። ይህን የማያውቅ መምህር «ቀና በል፣ ወደ ሰሌዳው እይ» ሲለው ልጁ ታዞ ቀና ይላል፤ ያን ጊዜ ሰሌዳው ይጠፋዋል። ስለዚህ በክፍሉ ቀኝ ጠርዝ፣ ሰሌዳው በግራው በኩል በሚውልበት ቦታ ተቀመጠ፤ መምህራኑም አንገቱን እንዳያቃኑት በጽሑፍ ተነገራቸው።

የብሬይል ውሳኔ

ኮሚቴውን በእጅጉ ያከራከረው ልጁ በምን ያንብብ የሚለው ነው። አንደኛው ወገን የሚያይን ልጅ በብሬይል ማስተማር ያለውን እይታ እንዳይጠቀምበት ማድረግ ነው የሚል አቋም ነበረው። አያቱም በዚህ ተስማሙ፤ «እናንተ ልጆቼ፣ ጭላንጭል ያለውን ልጅ በገዛ እጃችሁ ዕውር ልታደርጉት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄያቸው ቀላል አልነበረም፤ በከተማው ውስጥ ብሬይል ይዞ መታየት በራሱ ስም ያሰጣልና።

ሌላው ወገን ያቀረባቸው ምክንያቶች ሁለት ናቸው። ዐሥር ደቂቃ አንብቦ የሚደክም ዓይን ለ1ኛ ክፍል መጽሐፍ ይበቃ ይሆናል፤ የኅብረተሰብ ትምህርትና የሳይንስ ምዕራፎች ሲረዝሙ ግን አይበቃም። ከዚህም በላይ በልጅነቱ የሞራ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ዓይን ከዓመታት በኋላም ቢሆን በግላኮማ (ብዙ ጊዜ ከዓይን ግፊት መጨመር ጋር ተያይዞ እይታን በሚቀንስ በሽታ) ሊጠቃ ስለሚችል፣ ያለችው እይታ እንደማትቀንስ ዋስትና የለም። እይታው ቢቀንስ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ብሬይል «ሀ» ብሎ ከሚጀምር፣ አሁን ጣቱ ለስላሳ ሳለ ቢማር ይሻላል። ረጅም ንባብ በብሬይል፣ አጫጭር ነገሮች፣ ማለትም ሥሙን መጻፍ፣ ቁጥርና ሰሌዳ፣ በጉልህ ጽሕፈት እንዲሆን ተወሰነ። አያቱ የተስማሙት ውሳኔው በየዓመቱ እንደገና እንዲታይ ቃል ከተገባላቸው በኋላ ነው።

በአማርኛ ብሬይል ተነባቢውና አናባቢው የየራሳቸው ምልክት ስላላቸው፣ ለየኔታ በዜማ የተወረደው ሰባት ቤት እዚህ ላይ ዋለ። ልጁ «ሁ»ን እንደ አንድ ቅርጽ ማስታወስ አላስፈለገውም፤ የ«ሀ»ን ቤት ከሁለተኛው ድምፅ ጋር ማገናኘት ብቻ በቂ ነበር። ፊደልን በዓይናቸው ካወቁ በኋላ እይታቸውን ካጡ ልጆች ይልቅ በዚህ ክፍል ፈጥኖ አልፏል።

የክፍል ምደባውን በሚመለከት፣ ልጁ የመጀመሪያውን ወሰነ ትምህርት በድጋፍ መስጫ ማዕከሉ ብሬይልና አባከስ (በዶቃዎች የሚሠራ የሒሳብ ማስሊያ) እየተማረ፣ በቃል ለሚሰጡ ትምህርቶች ከ2ኛ ክፍል ጋር ተቀመጠ። በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት በምደባ ፈተና ሙሉ በሙሉ 2ኛ ክፍል ገባ። በዐሥር ዓመቱ ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር 1ኛ ክፍል ቢቀመጥ ኖሮ በትምህርቱ ሳይሆን በቁመቱ አፍሮ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

የሠራውና ያልሠራው

መነጽሩ፣ የመቀመጫው ቦታና ጥቁሩ ማርከር ወዲያው ለውጥ አመጡ። ጠርዙ ሰፊ የሆነ ኮፍያ በሜዳ ላይ የሚያደርገውን ማመንታት ቀነሰው፤ ይህን ያህል ርካሽ መፍትሔ እስካሁን ለምን በየትምህርት ቤቱ እንደ ደንብ ጥሰት እንደሚታይ አይገባኝም።

ብሬይሉ በመጀመሪያ አልሰመረም። ልጁ ነጥቦቹን በጣቱ ሳይሆን በዓይኑ፣ ጥላቸውን እየተከተለ ያነብ ነበር፤ ጣቱን ያስቀምጣል፣ ዓይኑ ግን ይሠራል። ይህ በጭላንጭል ተማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ዓይኑን መሸፈን ስላስቆጣው፣ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱንና እጆቹን የሚጋርድ ጨርቅ ተዘረጋ። ፊቱ ነፃ ስለሆነ አልተቃወመም፤ ጣቱም ሥራውን ያዘ። በስሌትና ስታይለስ፣ ማለትም በብሬይል መጻፊያ ሰሌዳና መውጊያ መጻፍ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሆነ ለጊዜው ቢያስቸግረውም ለለመዱት ሁሉ እንደሚሆነው ሆነለት።

በእጅ የሚያዝ አጉሊ መነጽር አልጠቀመውም፤ መስመሩን ተከትሎ እኩል ከፍታ ላይ መያዝ አልቻለም። መጽሐፉን በፎቶ ኮፒ ማጉላትም እንደዚሁ፤ ፊደሉ ሲተልቅ ቀለሙ ደበዘዘ፣ ወጪውም ለትምህርት ቤቱ ከበደ። ነጩን በትር ፈጽሞ አልተቀበለም። የሠፈሩ ልጆች «እያየህ ትለምናለህ ወይ?» ስላሉት ቦርሳው ውስጥ ይደብቀው ነበር። እስካሁንም የሚያወጣው ሲመሽ ብቻ ነው፤ እኛም አልገፋነውም።

የመንገዱ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ወስዷል። አጭሩ መንገድ ደረቁን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ አቋርጦ ያልፋል። አያቱ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዙ በሌሊት ሞልቶ የብዙ ሰው ሕይወት ባጠፋ ጊዜ ጎረቤቶቻቸውን ያጡ ናቸውና ልጁን በዚያ ለመላክ እሺ አላሉም። ስለዚህ በድልድዩ የሚያልፈው ረጅሙ መንገድ ተመረጠ፤ በዚያው ግቢ የሚማር የ7ኛ ክፍል ዓይነ ስውር ተማሪም አብሮት እንዲመላለስ ተደረገ። የምልክት ቦታዎችን፣ የባጃጅ መቆሚያውን ድምፅና የዳቦ ቤቱን ሽታ ሳይቀር፣ ያስተማረው እሱ ነው። ከመምህራኑ ትምህርት ይልቅ የዚህ ልጅ ጓደኝነት አያቱን ስለ ብሬይል ያሳመናቸው ይመስለኛል፤ አንድ ምሽት ቤታቸው ተቀምጦ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሰምተውታልና።

ለሌሎች ቅበላዎች የሚተርፍ

የሕክምና ማስረጃ ስንጠይቅ ምርመራው በመነጽር ወይም ያለ መነጽር መደረጉ፣ የጉዳቱ መንስኤና እይታው ወደፊት ሊቀንስ ይችል እንደሆነ እንዲገለጽ በደብዳቤ መጠየቅ ጀምረናል። ሐኪሞቹ ይህን ለመጻፍ አይቸገሩም፤ ከዚህ በፊት የጠየቃቸው አልነበረም። መንስኤው በተለይ ሊታወቅ ይገባል፤ ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው አንዱ የማይለወጥ፣ ሌላው በየዓመቱ የሚቀንስ እይታ ሊኖራቸው ይችላል፣ የብሬይሉም ውሳኔ ከዚህ ይነሣል። የሞራ ቀዶ ሕክምና ያገኘ ልጅ ማኅደር ውስጥ የዓይን ግፊት ክትትል ቀን መመዝገቡ ከቅበላው ሥራ እንደ አንዱ ሊቆጠር ይገባል።

በጊዜያዊነት ተቀብሎ መመዘን ለትምህርት ቤቱ ያመጣው ተጨማሪ ሸክም ከተፈራው ያነሰ ነው። ለልጁ ሌላ ትምህርት ቤት የሚሻለው ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ ከነምዘና ውጤቱ ይሄዳል እንጂ ባዶ እጁን ከበር አይመለስም።

የቤት ቋንቋም በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ መጠየቅ አለበት። በድሬዳዋ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይሰጣል፤ ኋለኞቹ ሁለቱ በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ ብሬይላቸው ከአማርኛው ይለያል። እኛ ዘንድ የመጣው ልጅ አማርኛ ተናጋሪ ስለነበር ይህ አላጋጠመንም፤ ብሬይል የሚያውቀው መምህር የአማርኛውን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ግን የኦሮምኛ ተናጋሪ ልጅ ቅበላ በሦስተኛ ወረቀት ሳይሆን በመምህር እጥረት ይሰናከላል።

ልጁ አሁን 4ኛ ክፍል ነው። ያልተቋጨው ጉዳይ ፈተና ነው። በክፍል ፈተናዎች ሒሳቡን በጉልህ ጽሕፈት፣ አማርኛውን በብሬይል እየሠራ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠዋል። በ6ኛ እና በ8ኛ ክፍል የሚሰጡት ፈተናዎች ግን ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሚዘጋጁ ስለሆኑ፣ አንድ ተፈታኝ በሁለት ዓይነት ጽሕፈት እንዲፈተን አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅና ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ጥያቄው ከሁለቱ የሕክምና ማስረጃዎችና ከየዓመቱ የምዘና ውጤት ጋር ተያይዞ በዚህ ዓመት እንዲቀርብ ኮሚቴው ወስኗል።